ያልተረጋገጠ የልብ ሕክምና ይሞከር እንጂ አይሸጥ

ከባድ የልብ ድካም ያለበት ሰው ደረጃ መውጣቱ ቀርቶ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ያደክመዋል። ሌሊት ትራስ ካልደራረበ ትንፋሽ ያጥረዋል። ንቅለ ተከላ እንዳያደርግ፣ የሚለገስ ልብ እንደ ልብ አይገኝም። እንዲህ ያለውን ሰው «በስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ በሚችል ህዋስ) ልብህን እናድስልሃለን» ሲሉት እምቢ ይላል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። እኔም ብሆን እምቢ የምል አይመስለኝም። ችግሩ የሚጀምረው ሕክምናው ሳይረጋገጥ ሂሳብ ሲጠየቅበት ነው።

ልብ ራሱን መጠገን አይችልበትም። ሃርት አታክ የምንለው ድንገተኛ ሕመም እስከ 1 ቢሊዮን የጡንቻ ህዋሳት ሊገድል ይችላል። በቦታቸው ጠባሳ ይቀራል፤ ጠባሳ ደግሞ ደም አይረጭም። የአዋቂ ሰው ልብ በዓመት የሚተካው ቢበዛ 1 በመቶ ያህሉን ህዋስ ብቻ ነው።

በ2001 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የልብ ተመራማሪው እነ ፒየሮ አንቨርሳ የአጥንት መቅኒ ህዋስ የተጎዳ የአይጥ ልብ ላይ አዲስ ጡንቻ አበቀለ ብለው ጻፉ። በ2004 ሌሎች ተመራማሪዎች ሲሞክሩት የመቅኒው ህዋስ የልብ ጡንቻ አልሆነም። በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ግን ቀጠለ። በ2018 ሃርቫርድ ከአንቨርሳ ቤተ ሙከራ የወጡ 31 ጽሑፎች የተጭበረበረ መረጃ አለባቸው፣ ይሰረዙ አለ።

ጃፓንን ደግሞ እንይ። ሃርትሺት የሚባል ሕክምና ነበር። ከታማሚው ጭን ጡንቻ ህዋስ ይወሰዳል፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይራባል፣ ስስ ሽፋን ሆኖ ልብ ላይ ይለጠፋል። በ2015 በ7 ታማሚዎች ውጤት ብቻ ጊዜያዊ ፈቃድ አገኘ። «ማስረጃውን እየሸጣችሁ አምጡ» እንደማለት ነው። በ2024 የመንግሥት ባለሙያዎች ማስረጃውን አይተው ፈዋሽነቱ አልተረጋገጠም አሉ። በመሀል ደረታቸው የተከፈተ ታማሚዎች አሉ።

አሁን የመጣው የስቴም ሴል ሕክምና ትውልድ የተሻለ ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሺንያ ያማናካ ለኖቤል በበቃበት ዘዴ፣ ተራ ህዋስ ወደ መጀመሪያው ሁኔታው ይመለስና የሚመታ የልብ ህዋስ ይሆናል። የጀርመን ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ የሠሩትን የጡንቻ ልጣፍ በአንዲት የ46 ዓመት ሴት ልብ ላይ ሰፉ። ከሦስት ወር በኋላ ንቅለ ተከላ አግኝታ አሮጌው ልቧ ሲወጣ፣ ልጣፉ በሕይወት ነበር፤ የደም ሥርም አብቅሏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ህዋሱ የሌላ ሰው ስለሆነ ሰውነት እንዳይጥለው መድኃኒት መዋጥ ግድ ነው። በዝንጀሮዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ደግሞ አዲሶቹ ህዋሳት የልብ ምት አዛብተዋል።

ስለዚህ ማንኛውም ሙከራ ማነጻጸሪያ፣ ማለትም ህዋሱን የማይወስዱ ታማሚዎች፣ የግድ ያስፈልገዋል። በሙከራ ውስጥ ያለ ታማሚ ሐኪም ቶሎ ቶሎ ያየዋል፣ መድኃኒቱንም በሥርዓት ይወስዳል። ያለ ህዋሱም ሊሻለው ይችላል። ድሪም ኤችኤፍ የተባለው ጥናት ከ500 በላይ ታማሚዎችን ይዞ፣ ግማሾቹን ህዋስ ሰጥቶ፣ ለሌሎቹ የማስመሰል ሕክምና አደረገ። በ2023 ውጤቱ ሲወጣ፣ ህዋሱ በልብ ድካም ተመላልሶ ሆስፒታል መተኛትን አልቀነሰም። ማነጻጸሪያ ባይኖር ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ህዋሴ ይሠራል የሚል ኩባንያ እስኪረጋገጥ ድረስ ወጪውን ራሱ ይቻል። ታማሚውም ከመፈረሙ በፊት ህዋሱን ያልወሰዱት ሰዎች እንዴት እንደሆኑ ይጠይቅ። መልስ ከሌላቸው ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ያቆይ።