704 ዊኬት ብቻውን ምስክር አይሆንም
የእንግሊዛዊውን የክሪኬት ተጫዋች የጄምስ አንደርሰንን 704 ዊኬት (ኳስ ወርውሮ ከጨዋታ ያስወጣቸውን መቺዎች) ቆጥሮ «ከሁሉም ዘመን የሚበልጥ ፈጣን ወርዋሪ» ማለት ችኮላ ነው። በ188 የቴስት ግጥሚያ (በአገሮች መካከል ለቀናት የሚዘልቀው የክሪኬት ዓይነት) የተሰበሰበ ነው፤ የዌስት ኢንዲሱ ማልኮም ማርሻል 376ቱን የወሰደው በ81 ግጥሚያ ሲሆን እያንዳንዱ ዊኬት በአማካይ 20.94 ሩጫ (ለተጋጣሚ የሚቆጠር ነጥብ) ብቻ አስከፍሎታል፤ የአንደርሰን ከ26 ያልፋል። እርግጥ እስከ 41 ዓመት በዚያ ብቃት መወርወር ቀላል አይደለም፣ አልነፍገውም። «የድሮዎቹን የጠቀማቸው ዝናብ የመታው ያልተሸፈነ ሜዳ ነው» (እርጥብ ሜዳ የኳሱን ንጥረት ለመቺው ያከብደዋል) ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለነበረው ወርዋሪ ለሲድኒ ባርንስ ዘመን ልክ ነዎት፣ በማርሻል ጊዜ ግን ሜዳው ይሸፈን ነበር። ለፈጣን ወርዋሪ በማይመቸው የሕንድ ምድርስ እ.ኤ.አ. በ1983ቱ ጉብኝት 33 ዊኬት ሲወስድ የትኛው ዝናብ ረዳው? በዓመቱ በእንግሊዙ የሄዲንግሊ ሜዳ ላይ ደግሞ የግራ አውራ ጣቱ ተሰብሮ፣ እጁ በጀሶ እንደታሰረ፣ በ53 ሩጫ 7 እንግሊዛውያንን አሰናብቷል።