ይድረስ ለክቡር የበረዶ ጎማ፣ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከወገቤ ሕመምና ከዕቁብ ዕዳዬ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። (ወሎ ነን፤ ሁለቱንም ካላልን ምስጋናው የጎደለ ይመስለናል።) ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩት እርስዎን በአደባባይ ለማዋረድ ብዬ አይደለም። ዘመዶችዎ ዛሬም በየሱቁ በር ላይ ተደርድረው፣ እንደ እኔ ያለ ገራገር ሲጠብቁ ስላየሁ ነው።

የተዋወቅነው አምና፣ ሰኔ 2017 መጀመሪያ ላይ ነበር። የቪትዜ የፊት ጎማዎች ተበልተው መላጣ ሆነዋል። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በመሃል ሐረጎ አለ። እርስዎ ለአገሩ እንግዳ ስለሆኑ ላስረዳዎት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተሰቅላለች። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ላይ ተዘርግታለች። ይህን ሁሉ ቁልቁለት በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርጎ የሚያወርድዎት ሐረጎ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ከፊትዎ ያለው አይሱዙ አይሱዙ መሆኑን የሚያውቁት በኋላ መብራቱ ነው። መብራት ካለው።

እና ክረምቱ ሳይጠና ጎማ ልቀይር ብዬ ወጣሁ። የአዲሱን ዋጋ ጠየቅኩ፤ ሰላምታ ሳልሰጥ ተመለስኩ። ከዚያ ያገለገለ ጎማ የሚሸጥ አንድ ሱቅ አገኘሁ። እርስዎ ከክምሩ አናት ላይ፣ በጥቁር ቀለም ተወልውለው፣ የሰርግ ጫማ መስለው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ የክረምት ጎማ ነው» አለኝ ልጁ።

«ማለት?»

«ክረምቱን ይችላል። በረዶም ቢሆን ይችላል። አውሮፓ ነው የመጣው፤ አብሽር!»

ክረምት ሲባል ለእኔ የሚመጣልኝ ሐምሌ ነው። ጭቃ፣ ጃንጥላ፣ የማይደርቅ ካልሲ። በረዶ ሲባል የሚመጣልኝ ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣው ነው። እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ትንሽ ግራ ገብቶኝ ነበር። በረዶ እኛ ዘንድ የሚመታው ከላይ ነው፤ ጎማ ያለው ደግሞ ከታች ነው። እንዴት አድርጎ ነው የሚችለው? ግን አልጠየቅኩም። ጅል ላለመምሰል ብዬ ጅል ሆንኩ።

ጎንዎ ላይ ደግሞ ሥዕል አለ። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ በመሃሉ ኮከብ ይሁን አበባ ያልለየለት ነገር። «ይሄስ?» አልኩት። «ዳገት ይወጣል ማለት ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ተራራውን ሳየው የእኛው የደሴ ተራራ፣ ጦሳ መሰለኝ። አበባውን አደይ አበባ አደረግኩት። ክረምቱን አሻግሮ መስከረም ያደርሰኛል ማለት ነው ብዬም ተረጎምኩት። ይህን ያህል ነበር በእርስዎ ላይ የነበረኝ እምነት።

ያም ሆኖ ብልጥ ነኝ የሚል ነገር አለብኝ። ጎማ ሲገዛ ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች እንደሚታዩ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱ ናቸው። ቀለሙን በአውራ ጣቴ ጠረግ ጠረግ አድርጌ አነበብኩ። 4514። አሃ! የ2014 ነዎት። አሁን 2017 ነው፤ ሦስት ዓመትዎ። «ሦስት ዓመቱ ነው አይደል?» አልኩት ልጁን፣ እንደ አዋቂ። ልጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቁጥሩን አየና «ያውቁታል እኮ ጋሼ!» አለ። ያን ጊዜ ደስታው የአድናቆት መስሎኝ ነበር።

ሁለት ገዛሁ፤ እርስዎንና ወንድምዎን። ፊት አስገጠምኳችሁ። ዳዶው ሲጠብቅ ቆሜ ሳይ፣ ስዊድን ሄጄ የመጣሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ሁለት ሳምንት ቆየን። ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ጠዋት ነው፤ ካፊያ አለ፤ ጉም አለ። ሐረጎን እየወረድኩ ነው። ፍጥነት አልነበረኝም፤ ይህን ለባለቤቴም ምዬላታለሁ። ወደ ግራ የሚዞር ኩርባ መጣ። ፍሬን ነካ አደረግኩ። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ። እርስዎ ግን ወደ ፊት ቀጠሉ። የዞረ ነገር ቢኖር መሪው ብቻ ነው። ቪትዟ እርጥብ ሳሙና ላይ እንደተቀመጠ ብርጭቆ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ በጨዋነት፣ በተራራው በኩል ካለው ቦይ ገባች። በሌላኛው በኩል ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውን የሚጽፍልዎት ሌላ ሰው ነበር።

ከጉሙ ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ወጣ። ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ እኛ አገር መኪና ቦይ ከገባ ሰው ከመሬት ይበቅላል። «አብሽር! አብሽር! ለክፉ አይስጥህ!» እያሉ ቪትዟን እንደ ሶፋ አንስተው አስፋልቱ ላይ አስቀመጧት። አንድ ፎጣ የለበሱ ሽማግሌ በዱላቸው ጫፍ እርስዎን ኳ ኳ አደረጉና «የኔ ልጅ፣ ይሄ ጎማ ነው ወይስ ኩበት?» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ አንተ ልበልህ። አንቱታው ቦይ ውስጥ ቀርቷል።

ወደ ደሴ ቀስ ብዬ ተመልሼ የሰፈራችን ጎሚስታ ጋ ወሰድኩህ። ሰውየው ብዙ አይናገርም። ሲጋራውን ጆሮው ላይ ሰካ። ክሪኩን አስገብቶ መኪናዋን አነሳ። ከዚያ የአውራ ጣቱን ጥፍር ጥርስህ ላይ ተጭኖ ያዘ። አልገባለትም። ገላህን ለጠጥ ሲያደርገው በቀለሙ ሥር ያሉት ስንጥቆች አፋቸውን ከፈቱ። ክብሪት አወጣ፤ እንጨቱን ጥርስህ መሃል አቆመ፤ የጠለቀበት ድረስ በጥፍሩ ምልክት አደረገና አሳየኝ። «ሦስት ሚሊ አይሞላም» አለ። ከዚያ ቁጥሩን አየ።

«ስንት ዓመቱ ነው አሉህ?»

«ሦስት።»

«በማን አቆጣጠር?»

እዚያው ሳፋው አጠገብ ቁጭ አልኩ። የተነፈሰ ጎማ የሚነከርበት ሳፋ ነው፤ አረፋ እያወጣ ያንገራግራል። 14 ማለት በፈረንጅ 2014 ነው። የዚያ ዓመት 45ኛ ሳምንት በእኛ ሲመጣ የጥቅምት 2007 መጨረሻ ነው። ሦስት ዓመት ያልኩህ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆንክ። ጥርሱ ቢኖርም ባይኖርም ዐሥር ዓመት የሞላው ጎማ ይውለቅ የሚሉት ብዙዎቹ አምራቾች ራሳቸው ናቸው። ዕድሜ መቀነስ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስንት ሙሽራ አድርጎታል። ሰባት ዓመት ግን ድፍረት ነው። የሚያናድደው ደግሞ አንተ አልዋሸህም። ቁጥሩን የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ስቶክሆልም ላለው የአክስቴ ልጅ ፎቶህን በቴሌግራም ላክኩለት። የመለሰልኝ የድምፅ መልእክት ግማሹ ሳቅ ነው። ሳቁን ሲጨርስ ማንነትህን ነገረኝ። ተራራው ጦሳ አይደለም። አበባውም አደይ አይደለም፤ የበረዶ ቅንጣት ነው። በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ጎማ ብቻ ነው ያ ሥዕል የሚሰጠው። ኤምና ኤስ የሚሉትን ፊደሎች ግን፣ ጭቃና በረዶ ለማለት፣ አምራቹ ሳያስፈትንም ይጽፋቸዋል አለኝ። ጎማህ ከ7 ዲግሪ በታች ሲበርድ እንዳይደርቅ ተደርጎ የተቀመመ ነው። እኔ ሹሩባ የመሰሉኝ እነዚያ ቀጫጭን ዚግዛግ ስንጥቆች በረዶውን የምትነክስባቸው ናቸው። እነሱ አገር መንገዱ በረዶ ከያዘ፣ ከኅዳር 22 እስከ መጋቢት 22 ያላንተ መንዳት በሕግ ክልክል ነው። ጥርስህም ከ3 ሚሊ ማነስ የለበትም።

ከኅዳር እስከ መጋቢት! እኛ አቧራ የምንቅምበት ወቅት እኮ ነው። ያንተ ክረምት የእኛ በጋ ነው። በአንድ ጎማ ሁለት ጊዜ ተሸወድኩ፤ አንዴ በወቅት፣ አንዴ በዘመን።

የአክስቴ ልጅ መኪናውን ለበረዶ ሲያዘጋጅ የሚያደርገውን ሲዘረዝርልኝ የዘመቻ ዝግጅት መሰለኝ። አራቱንም ጎማ ይቀይራል፤ ሁለት ብቻ መቀየር የለም። (እዚህ ላይ ዝም አልኩ።) ባትሪ ያስመረምራል፤ ብርድ ይገድለዋልና። የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የማይረጋ ዓይነት ነው። መቧጠጫ፣ መጥረጊያ፣ ብርድ ልብስ፣ ትንሽ አካፋ ይጭናል። «አካፋ ይዘህ ወዴት ነው የምትሄደው?» አልኩት። «ልጆቹን ትምህርት ቤት ላደርስ» አለኝ። ስደት ቀላል እንዳይመስልህ።

ላንተም እንዳላዝን አይደለም። ወጣት ሆነህ ብትመጣልኝ ኖሮ፣ ያ ለስላሳ ገላህ በኮምቦልቻ የቀትር አስፋልት ላይ እንደ ላጲስ ያልቅ ነበር። አርጅተህ መጣህና ኩበት ሆንክ። ወሎ ውስጥ የሚመጥንህ ቦታ ካለ ብዬም አሰብኩ። ደቡብ ወሎ አናት ላይ በጣም ከፍ ያለ ተራራ አለ፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ግን እዚያ ቪትዝ ይዞ የሚወጣ የለም። በበቅሎ ነው። በቅሎ ደግሞ ጎማ አታስገጥምም።

ወደ ሻጩም ተመልሼ ነበር፤ ነገሬን አሰማምሬ፣ ሁለታችሁንም ከመኪናዋ ኋላ ጭኜ። ልጁ ሻይ አዘዘልኝ። አዳመጠኝ። ሲጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ እኔ የክረምት ነው አልኩ። የየት አገር ክረምት እንደሆነ አልጠየቁኝም።» ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። ስኳሩ ልክ ነበር።

ያንተን ነገር ለመጨረስ ዕቁቤን ለምኜ ቀድሜ ወሰድኩና አራት አዲስ ገዛሁ። ሥዕል የለባቸውም። ውሃ የሚያሳልፉ ሰፋፊ መስመሮች አሏቸው፤ ለእኛ ክረምት እሱ ይበቃል። የዝናብ መጥረጊያውንም ቀየርኩ። ሐረጎን አሁን በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወርደው፤ ፍሬን ላይ መቆም ትቻለሁ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባ ይነፋል። ይንፋ።

አንተን ግን ምን ላድርግህ? በረባሶ ሠሪ ጋ ወሰድኩህ። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየህና «ይሄማ ውስጡ ሽቦ ነው፤ እግር ይበላል» ብሎ መለሰህ። በመጨረሻ ባለቤቴ ናት መላ ያገኘችው። የዶሮ ቤቱን ቆርቆሮ ነፋስ እያነሳ አስቸግሮን ነበር፤ አንተን በአንዱ ጫፍ፣ ወንድምህን በሌላው ጫፍ ጫነችበት።

እዚያው ሳለህ ነው ባለፈው ሳምንት የበልጉ ዝናብ የመጣው። ከሰዓት ነው። ሰማዩ ጠቆረ፤ መጀመሪያ ጠብታ፣ ከዚያ በረዶ። ሽምብራ የሚያህል፣ ቀጥሎ ባቄላ የሚያህል። ጓሮው በአምስት ደቂቃ ነጭ ሆነ። በመስኮት ቆመን ስናይ፣ እየነጠረ ያንተ ሆድ ውስጥ ሞላ። ሹሩባህ መሃል ሁሉ ነጭ በነጭ ሆነ። ነፋሱ የጎረቤትን ማዳበሪያ ከረጢት አጥር አሻግሮ ወሰደው። የእኛ ቆርቆሮ ንቅንቅ አላለም።

«አባዬ፣» አለች ትንሿ ልጄ፣ «ጎማው በረዶ ቻለ!»

ባለቤቴ ደህና ናት። ጎሚስታው ደህና ነው። ዶሮዎቹም ሰላም ብለውሃል።

የቀድሞ አሽከርካሪህ፣
ከደሴ