ብራዚል ሀብታሙን ታክስ ማስከፈሏ ጥሩ ነው፣ ስጋውን ከቫት ነጻ ማድረጓ ግን ስህተት ነው

ብራዚል ውስጥ ሶንዮ ዴ ቫልሳ የሚባል በሮዝ ወረቀት የተጠቀለለ ክብ ቸኮሌት አለ፣ ልጅ አዋቂው የሚያውቀው። ታክስ ላይ ሲደርስ ግን ቸኮሌት መሆኑ ቀርቶ ዌፈር ሆኗል። ለምን መሰላችሁ፣ ቸኮሌት ላይ የፋብሪካ ምርት ታክስ አለ፣ ዌፈር ደሞ ከነብስኩት ጋር ስለሚመደብ አይነካውም። የአገሪቱን የታክስ ጣጣ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እዚህ ጋ የሰረቀ ሰው የለም፣ ህጉ ራሱ ነው ነጋዴውን እቃውን ከማሻሻል ይልቅ የእቃውን ስም እንዲቀይር የሚገፋው።

እቃና አገልግሎት ላይ ብቻ አምስት አይነት ታክስ ነው ያላቸው። ሶስቱ የፌዴራል ናቸው፣ አንዱን 26ቱ ክልሎችና የብራዚሊያው ፌዴራል ዲስትሪክት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ህግ ይሰበስቡታል፣ አምስተኛው ደሞ ከ5,500 በላይ የሚሆኑት ማዘጋጃ ቤቶች ጋ ነው። የዓለም ባንክ በ2020 ሪፖርቱ አንድ መካከለኛ ድርጅት ብራዚል ውስጥ ታክሱን አስልቶ ለመክፈል በዓመት 1,501 ሰዓት ይፈጅበታል ብሎ ነበር፣ ይሄን ሁሉ ሰዓት የሚቀመጠው አካውንታንት ደሞዝ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው እኮ እቃው ዋጋ ላይ ነው።

ክልሎቹም ፋብሪካ ይነጣጠቃሉ። ፎርድ ደቡብ ባለው ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ክልል ላይ ሊተክል የነበረውን ፋብሪካ 1999 ላይ ከአዲሱ የክልሉ መንግስት ጋር ሳይስማማ ቀረና ሌላዋ ክልል ባሂያ የታክስ ቅናሽ ሰጥታው ካማሳሪ ወደምትባል ከተማዋ ወሰደችው፣ በ2021 ደሞ ብራዚል ውስጥ መኪና ማምረት አቆምኩ ብሎ ዘጋው። ያ ሁሉ ቅናሽ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ሊሰራበት የሚችል ብር ነበር፣ የመጨረሻ መጨረሻ ላይ የቀረው ባዶ ፋብሪካ ነው፣ በኋላ የቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ እስኪመጣ።

ለዚህ ነው የ2023ቱን የህገ መንግስት ማሻሻያ ከልቤ የደገፍኩት። አምስቱ ታክሶች በሁለት ቫት ይተካሉ፣ አንዱ የፌዴራል፣ ሌላው የክልልና የከተማ፣ ታክሱም እቃው በተመረተበት ሳይሆን በተገዛበት ቦታ ይገባል። በቃ፣ ፋብሪካ ለመጥለፍ ቅናሽ የመስጠት ነገር ትርጉም ያጣል። ሰላሳ ዓመት የተወራበት ነገር ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የገቢ ግብሩ ነው፣ እሱም የሚገባ ነው። ብራዚል ውስጥ ከ1996 ጀምሮ ባለ አክሲዮን ከካምፓኒው ትርፍ የሚያገኘው ድርሻ (ዲቪደንድ) ላይ የገቢ ግብር አልነበረም፣ ስለዚህ ነርሷ ከደሞዟ እየተቆረጠባት በወር መቶ ሺህ ሬያል (የብራዚል ገንዘብ) ዲቪደንድ የሚወስደው ሰው በዚያ ገቢው ላይ ምንም አይከፍልም ነበር። ካምፓኒው ከፍሏል እኮ የሚል መልስ አለ፣ እሱን እሰማለሁ፣ ግን ነርሷም ደሞዟ ላይ ከፍላ ሱቅ ስትሄድ ደግማ ትከፍላለች። በጥቅምት 2025 የተወካዮች ምክር ቤቱ 493 ለ0 በሆነ ድምጽ ያለፈውን ህግ ፕሬዝዳንት ሉላ በህዳር ፈረሙበት፣ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር እስከ 5,000 ሬያል የሚያገኝ ሰው የገቢ ግብር አይከፍልም፣ እስከ 7,350 ድረስ ደሞ ቅናሽ አለው። ማካካሻው በዓመት ከ600,000 በላይ የሚያገኙት ላይ የተጣለ፣ ከሱ በታች መክፈል የማይቻል የታክስ ወለል ነው፣ 1.2 ሚሊዮን ላይ 10 በመቶ ይደርሳል። 10 በመቶ! ይሄም በዝቶባቸው ነው ሲያለቅሱ የነበሩት።

የኔ ቅሬታ ወደ ቫቱ ስንመለስ ነው። እያንዳንዱ ዘርፍ ፓርላማ በር ላይ ተሰልፎ ልዩ አስተያየት ጠየቀ፣ ብዙዎቹም አገኙ። ሩዝ፣ ባቄላ፣ ቡና ከቫት ነጻ ይሁኑ ከተባለ እሺ፣ በጁላይ 2024 ግን ስጋም ተጨመረ፣ የድሃው የዶሮ ክንፍም የሀብታሙ ፒካንያም (ውዱ የበሬ ስጋ) እኩል። ሉላ ድሃውም ስጋ ይብላ ባይ ናቸው፣ አሳባቸው ይገባኛል፣ ግን ብዙ ስጋ የሚገዛው ብዙ ብር ያለው ነው፣ ስለዚህ ከቅናሹም ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እሱ ነው። አንዱ ነጻ ሲሆን ደሞ ሌላው ላይ ይጨመራል፣ አሁን መደበኛው ቫት 28 በመቶ አካባቢ ይሆናል እየተባለ ነው፣ በዓለም ከፍተኛው የሚባለው የሀንጋሪ እንኳን 27 ነው።

የተሻለው መንገድ እዛው ህጉ ውስጥ አለ እኮ፣ ካሽባክ ይሉታል። መንግስት ድሃ ቤተሰቦችን በሚይዝበት ማህበራዊ መዝገብ የተመዘገቡና የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ከዝቅተኛው ደሞዝ ግማሽ የማይበልጥ ቤተሰቦች በጋዝ ሲሊንደር፣ በመብራትና በውሃ ላይ የከፈሉት የፌዴራል ቫት ሙሉ በሙሉ ይመለስላቸዋል። ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ከ2021 ጀምሮ የራሱን አይነት ሲሰራበት ነበር፣ ስለዚህ አይሰራም የሚል ሰው ሄዶ ይየው። ያልተመዘገበ ድሃ ይቀራል የሚለው ስጋት እውነት ነው፣ መፍትሄው ግን መዝጋቢ መላክ ነው፣ ለቪላው ባርቤኪው ድጎማ መስጠት አይደለም።

ቫቱ በ2026 በ1 በመቶ ሙከራ ጀምሮ በ2033 ነው ሙሉ የሚሆነው፣ እስከዛ ሁለቱ ስርዓት አብረው ይሄዳሉ፣ አካውንታንቱም ሁለት ስራ ይሰራል። ህጉ ተመኑ ከ26.5 በመቶ በልጦ ከተገኘ መንግስት ቅናሾቹን የሚቀንስ ረቂቅ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል፣ ግምገማው 2031 ላይ ነው። ያኔ ከስጋው እንዲጀምሩ ነው የምፈልገው፣ የሚሰበሰበውንም በሙሉ ካሽባኩ ላይ እንዲጨምሩት።