ማስተካከያ፦ በአፍ በኩል አየር ለሚያፈስ የጠላቂ ሬጉላተር (የመተንፈሻ መሣሪያ)

ቀደም ሲል «በአፍ በኩል ካፈሰሰ የሁለተኛውን ደረጃ (አፍ ላይ የሚያዘውን ክፍል) ኦሪፊስ (አየር የሚገባበትን የሚዞር ቀዳዳ) አጥብቁ» ብለን ነበር። ቅደም ተከተሉ ስህተት ነው፤ አስቀድሞ የሚለካው መካከለኛው ግፊት ነው፤ ይኸውም አንደኛው ደረጃ (ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው ክፍል) ወደ አፉ ክፍል የሚልከው የአየር ግፊት ነው። መለኪያውን በጠላቂው ጃኬት አየር መሙያ ቱቦ ላይ ሰክታችሁ ሲሊንደሩን በዝግታ ክፈቱ፣ የአፉን ክፍል የፊት ቁልፍ ሁለት ሦስቴ ተጫኑ። መርፌው በአብዛኞቹ ሞዴሎች ከ9 እስከ 10 ባር አካባቢ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት (የመጨረሻው ቃል የአምራቹ ነው)። ቆም ካለ በኋላ ቀስ እያለ ሽቅብ ከተሳበ የአንደኛው ደረጃ መቀመጫ (አየሩን የሚዘጋው ክፍል) ተጭሯል ወይም ቆሽሿል። ያኔ ኦሪፊስ ማጥበቅ ትንፋሽ ከማክበድ በቀር ጥቅም የለውም።

መርፌው ካልተነቃነቀ ሲሊንደሩን ዘግታችሁ አየሩን አስወጡ፣ የአፉን ክፍል ቱቦ ፍቱና ኦሪፊሱን በ1/8 ዙር ወደ ውስጥ አዙሩ። ስታዞሩ የፊት ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙ፤ አለዚያ የኦሪፊሱ ስለታም ጠርዝ የሁለተኛውን ደረጃ መቀመጫ ጎማ ይቆርጠዋል።