ማስተካከያ፦ የቤተሰብ ኑሮ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ አይቀርም

ባለፈው ጽሑፍ ላይ «ተማሪው ከፍ ባለ ቁጥር የቤተሰቡ ኑሮ ተጽዕኖ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲደርስ ሁሉም እኩል ነው» የሚል ነገር ወጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ የማኅበረሰብ ጥናት ተመራማሪው ሮበርት ሜር በ1980 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መረጃ ካሳየው ጋር ይስማማል። ሁለተኛው ግን አያስኬድም።

ነገሩ የማጣሪያ ጉዳይ ነው። ከደሃ ቤት ወጥቶ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ልጅ መንገድ ላይ የቀሩትን እኩዮቹን አይወክልም፤ ወይ ከሌላው የበለጠ ጎበዝ ነው፣ ወይ ከኋላው የሚገፋው ሰው አለ፣ እናም ከሀብታሙ ልጅ ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ የጠበበ ይመስላል። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ካሜሮንና ሄክማን በ1998 እ.ኤ.አ. በሜር ጥናት ላይ ያነሱትም ትችት ይኸው ነው።