የአማርኛ የፋይል ስም ምን በደለ?

ኧረ ወገን፣ ይሄን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ!

እሸት ቡና መለቀም ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ከአጋሮ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ የቅበላ ሪፖርት በኢሜይል ይጎርፋል። እዚህ ጅማ ቢሮ ቁጭ ብዬ ያን ሁሉ አታችመንት አንድ በአንድ ልክፈት ብል ቀኑ አይበቃኝም፤ ኔትወርኩም ገጹን ግማሽ ያደርስና ቀጥ ይላል። ስለዚህ ኢሜይሉ ሌሊት ወርዶ ያድራል፣ ጠዋት ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) በአንድ ትእዛዝ ፋይሎቹ ይወጣሉ። ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም፣ ማንም ቢሆን ይልመደው እላለሁ።

ግን ፎልደሩን ክፈቱትማ! በአፋን ኦሮሞ የተሰየመው ፋይል፣ በቁቤ ስለተጻፈ፣ እንደተላከ አለ። በእንግሊዝኛ የተሰየመውም ምንም አልሆነም። በአማርኛ የተሰየመው ብቻ ነው የተበላሸው። ሰውየው «የጌራ ቅበላ ጥቅምት 12» ብሎ የላከው፣ በእኩል ምልክትና በጥያቄ ምልክት ይጀምርና «ዩቲኤፍ 8» የሚል ይከተለዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የላቲን ፊደልና የቁጥር ትርምስ ነው። አንዳንዷ ፋይሉን ከኢሜይል የምታወጣ ፕሮግራም ደግሞ ያላማራትን ምልክት ሁሉ በኤክስ ትተካለች። የቱ የጌራ፣ የቱ የሊሙ እንደሆነ ለመለየት እያንዳንዱን መክፈት ግድ ነው። ገበሬው እኮ የቡናውን ሒሳብ እየጠበቀ ነው!

ነገሩ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። የኢሜይል መላላኪያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የሚያውቀው የእንግሊዝኛን ፊደል ብቻ ነበር። በ1992 ማይም የሚባለው ደንብ መጣና ፎቶውም፣ ሰነዱም፣ የሌላ ቋንቋ ፊደልም ወደ ተራ ላቲን ተቀይሮ እንዲያልፍ መንገድ ተከፈተ። ፋይሉን የሚያወጣው ፕሮግራም ስሙን መልሶ ካልፈታው ነው ያ ትርምስ የሚቀረው። ቤዝ64 የሚሉት የመቀየሪያ ዘዴ ሦስት ባይት (የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ) ወስዶ አራት ምልክት ያደርገዋል፤ አታችመንት ከፋይሉ በሲሶ የሚገዝፈውም ለዚህ ነው። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ስልት) እያንዳንዱ ሦስት ባይት ስለሆነ አንዱ ፊደል ልክ አራት ምልክት ይወጣዋል። አጀማመራቸውም አንድ ነው፦ ክፍት ቦታ እስኪገባ ድረስ «4ዋይ… 4ዋይ… 4ዋይ…» እያለ ይሄዳል። ይሄን ካያችሁ አማርኛ ሊሆን እንደሚችል ገምቱ።

ሌላም አለ። ደንቡ እንዲህ የተቀየረ አንዱ ቁራጭ ከ75 ምልክት አይለፍ ስለሚል፣ ከ15 ፊደል የበለጠ የአማርኛ ስም መቆረጡ አይቀርም። ፊደል መሃል ላይ አትቁረጡ የሚል ግልጽ ቃል ተጽፏል። ግን የሚቆርጡ ፕሮግራሞች ሞልተዋል፣ ያኔ ያ ፊደል ተመልሶ አይገጥምም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ምክሩ ነው። «በእንግሊዝኛ ሰይሙትና ተገላገሉ» ይሉናል! ለምን ተብሎ? ጌራ ላይ ሚዛን ሥር ቆሞ ኪሎ የሚመዘግብ ልጅ በሚሠራበት ቋንቋ ፋይሉን መሰየሙ መብቱ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ቋንቋዎች ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ) ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው። የፋይል ስም በማንኛውም ቋንቋ በአታችመንት እንዴት እንደሚጻፍ የሚወስነው አርኤፍሲ 2231 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ የወጣው ደግሞ በ1997 ነው። ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ይጠበቃል?

መፍትሔው እኮ አለ። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ካላችሁ፣ አብሮት የሚመጣው የኢሜይል ሞጁል ይበቃል። ኢሜይሉን እንዴት እንደሚያነብ የሚነግረውን ምርጫ፣ ማለትም ፖሊሲ፣ ሳትሰጡት ከተዋችሁት ግን የድሮውን አሠራር ይከተልና ያን ትርምስ ስም ሳይፈታ ይመልስላችኋል። «ዲፎልት» የሚባለውን ፖሊሲ ስጡት፣ ስሙን ፈትቶ በአማርኛ ያስቀምጠዋል። አንድ መስመር ናት!

ሶፍትዌር የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ረዘም ያለ የአማርኛ ስም ያለው ፋይል አታች አድርጋችሁ ሞክሩት። ቅበላና ደረሰኝ በኢሜይል የምትሰበስቡ የጅማ ልጆች ደግሞ ስክሪፕቱን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።