ሲነፉ እነሱ፣ ሲሸለሙ እኛ

ከግላስጎው ወደ ኤዲንብራ በሚወስደው መንገድ እኩሌታ ላይ፣ ኑሮዋን በድንጋይ ከሰልና በብረት ማቅለጫ ላይ መሥርታ የቆየች ሾትስ የምትባል አነስተኛ የስኮትላንድ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ1910 አንድ የባግፓይፕ (በስልቻ የሚነፋ የቧንቧ መሣሪያ) ባንድ አቋቋሙና ስሙን «የሾትስና የዳይክሄድ ካሌዶኒያ ፓይፕ ባንድ» አሉት። ዳይክሄድ ከሾትስ ጋር አጥር ለአጥር ተያይዛ የኖረች መንደር ናት። ስሟ ለምን እንደገባ እድር አቋቁሞ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስሙ ያልተጠራ ሰፈር መዋጮ አይከፍልም። ካሌዶኒያ ደግሞ መላ ስኮትላንድን የሚያቅፍ ጥንታዊ መጠሪያ በመሆኑ፣ ባንዱ ገና አንድ ዜማ ሳያሰማ የመንደር፣ የከተማና የአገር አደራ ተሸክሞ ተወለደ።

ነፊው በብብቱ ሥር ያቀፈውን ስልቻ በአፉ እየሞላ በክንዱ ይጨምቀዋል። ከታች የተንጠለጠለው ቧንቧ ዘጠኝ ድምፆች ስላሉት የዜማው ሸክም ሁሉ የሚወድቀው በእሱ ላይ ነው፤ ትከሻ ላይ የተደገፉት ሦስቱ ቧንቧዎች ግን እያንዳንዳቸው ያቺኑ አንዲት ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለማቋረጥ ያሰማሉ። አጀንዳው ምንም ይሁን ምን በየስብሰባው ያቺኑ ሐሳባቸውን የሚደግሙ አባላት ትዝ ያሉት አንባቢ ካለ አልተሳሳተም። መሣሪያው ለስለስ ብሎ መናገርም አይሆንለትም፤ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ዝም ይላል።

በዚህ ጩኸቱ የተነሳ ሕይወት ጠፍቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዙፋን የተባረረውን የስቱዋርት ሥርወ መንግሥት ለመመለስ የታገሉት የጃኮባይቶች አመፅ ከከሸፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1746፣ ጄምስ ሪድ የተባለ ነፊ እንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ ለፍርድ ቀረበ። ባግፓይፕ እንጂ ሰይፍም ጠመንጃም እንዳልያዘ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ የስኮትላንድ ደገኞች ጦር ያለ ነፊ ዘምቶ ስለማያውቅ መሣሪያው የጦር መሣሪያ ነው ብሎ ሰቀለው። የፍርዱ ግፍነት አያከራክርም። ያም ሆኖ ከጀማሪ ነፊ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት፣ ቅጣቱን ባይደግፍም ምደባውን ሳይቀበል የሚቀር አይመስለኝም። ደግነቱ ዛሬ ጀማሪ የሚማረው ስልቻ በሌለው፣ ድምፁ ዝግ ባለ መለማመጃ ቧንቧ ነው፤ ወደ ስልቻው የሚሸጋገረው ወራት ከቆየ በኋላ ነው። ይህን ሥርዓት ያወጣው መምህር ነው ቢባልም እኔ የጎረቤት እጅ ያለበት ይመስለኛል።

የባንዱ ታሪክ የሚጣፍጠው ውድድሩ ላይ ሲደርስ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ አካባቢ 200 ገደማ ባንዶች ለዓለም ሻምፒዮና ግላስጎው ግሪን በሚባለው መስክ ላይ ይሰበሰባሉ። ከሱፍ የተሠራውን፣ እስከ ሰባት ሜትር ጨርቅ የሚፈጀውን ጉርድ ቀሚሳቸውን ታጥቀው፣ ቅዝቃዜውና እርጥበቱ በየደቂቃው የሚያዛባውን ድምፅ ሲያቃኑ ረጅም ሰዓት ይቆማሉ፤ ይህ ሁሉ ድካም ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ለሚቆይ ጨዋታ ነው። ከዚያም በሰልፍ ገብተው ክብ ይሠሩና ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው፣ ለሕዝቡ ጀርባቸውን ሰጥተው ይነፋሉ። ዳኞች ብዕርና ወረቀት ይዘው ክቡን ይዞሩታል፤ ትኬት ቆርጦ የመጣው ተመልካች በበኩሉ የተሰለፈ ትከሻ ያያል። ለአባላቱ ጀርባውን ሰጥቶ እርስ በርሱ ብቻ የሚመካከር የኮሚቴ አመራር በሌላ ቦታ በግምገማ ይነሣል፤ እዚህ ግን ይሸለማል።

የሾትስ ሰዎች በዚህ ዘዴ አሥራ ስድስት ጊዜ የዓለም ዋንጫ ወስደዋል። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1948 አገኙ፤ ከ1957 እስከ 1960 ደግሞ አራቱን ዓመታት በተከታታይ ለሌላ ሳያቀምሱ ጠራርገው በሉ። ከበሮ መቺው አሌክስ ዱትሃርት የስዊዘርላንዶችን የአመታት ስልት ከስኮትላንዱ ጋር አዋሕዶ፣ ከኋላ ሆኖ ነፊውን ያጅብ የነበረውን ከበሮ ራሱን የቻለ ተናጋሪ አደረገው። ከዚያ ድርቅ መጣ። ከ1980 ዋንጫ በኋላ እስከ 1994፣ ከ2005 በኋላም እስከ 2015 ከተማዋ የሌሎችን ደስታ ስታጨበጭብ ቆየች። የማዕድን ጉድጓዶቹማ ከድርቁም ቀድመው አንድ በአንድ ተዘግተው ነበር። የከሰል ከተማ ሰው ቀን አቧራ በሚውጥበት ሳንባ ማታ ስልቻ መንፋቱ ሐኪም የሚመክረው ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ከሰሉም ማቅለጫውም ካለፉ በኋላ ከተማዋን በዓለም ፊት የሚያስጠራት ያው ስልቻ ብቻ ሆነ።

በእነዚህ የድርቅ ዓመታት የደጋፊ ሰዋስው እንዴት እንደሚለወጥ ለማወቅ ሾትስ ድረስ መሄድ አያሻም። ዋንጫ ሲመጣ መዋጮ ሲጠየቅ በር የማይከፍተው ሰው ሳይቀር «አሸነፍን» ይላል፤ አራተኛ ሲወጡ ደግሞ ልጁ ከበሮ የሚመታለት አባት እንኳ «ተሸነፉ» ማለት ይጀምራል። እኛም አዲስ አበባ ቁጭ ብለን፣ ማኪያቷችንን እያማሰልን፣ ስለ አርሴናል «ተከላካያችን» የምንል ሰዎች ይህን ለመውቀስ ብቃቱ የለንም።

እንዲያውም ከአርሴናል ይልቅ ለሾትስ የቀረበ ዝምድና አለን። ባግፓይፕ የሚጠረብበት ምርጡ ጥቁር እንጨት በስኮትላንድ ምድር አይበቅልም፤ የሚጫነው በአብዛኛው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው፤ ዛፉም በአገራችን ቆላ ይበቅላል። አንድም ግንድ ከእኛ ቆላ ሾትስ ስለመድረሱ ማስረጃ አልያዝኩም፤ ማስረጃ የሚጠይቅ ዘመድ ግን የት አለ? ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2015 አሸንፈናል። ከዚያ ወዲህ ያለውን እነሱ ይጠየቁበት።